በ2008 ፕሪየስ ላይ ቀይ ሦስት ማዕዘን ሲበራ፦ ትልቁን ባትሪ ከመግዛትዎ በፊት

የተከበሩ ጠያቂ፣ መኪናዎ በቤንዚንም በኤሌክትሪክም የሚሄድ (ሃይብሪድ) የ2008 ቶዮታ ፕሪየስ እንደሆነ፣ 190 ሺህ ማይል ያህል እንደሄደና በአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ምግብና ዕቃ የማድረስ ሥራ እንደሚሠሩበት ጽፈዋል። ለሦስት ሳምንት አዲስ አበባ ከርመው ሲመለሱ መኪናው ጨርሶ አልነሳ ስላለ ጎረቤትዎ በጃምፐር ኬብል አስነሳልዎት፤ ከዚያ ወዲያ ቀይ ሦስት ማዕዘን፣ ቼክ ኢንጂን (የሞተር ማስጠንቀቂያ)፣ ቪኤስሲ (መኪናው እንዳይንሸራተት የሚጠብቀው ሥርዓት) እና ኤቢኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚያደርገው ሥርዓት) የሚሉት መብራቶች በአንድነት በሩ። በማግስቱ የኤቢኤሱ ጠፋ፤ ሌሎቹ ግን በአውራ ጎዳና ዳገት ሲወጡ ተመልሰው በሩ፤ መኪናውም ጉልበት አጣ። ዳር ይዘው ግማሽ ሰዓት ያህል ካቆሙት በኋላ እንደገና ደህና ሄደ። አንድ ጋራዥ በትንሽ ስካነር (የብልሽት ኮድ ማንበቢያ) አንብቦ ፒ3000 የሚል ኮድ ስላገኘ «ትልቁ ባትሪ»፣ ማለትም የሃይብሪዱ ባትሪ፣ «ሞቷል» በማለት ብዙ ሺህ ዶላር ጠየቀዎት፤ ኮዱንም አጥፍቶ ሸኘዎት። ከሁለት ቀን በኋላ መብራቱ ተመለሰ። ሌላ ጋራዥ ደግሞ ትንሹን፣ ባለ 12 ቮልቱን ባትሪ ብቻ ይቀይሩ አለዎት። ከሁለቱ የማንን ምክር እንደሚቀበሉ ነው የጠየቁት።

እስካሁን በእጅዎ ባለው መረጃ ትልቁን ባትሪ መግዛት የለብዎትም። ትልቁ ባትሪ ጤነኛ ነው ማለቴ አይደለም፤ በዚህ ዕድሜና በዚህ ማይል ደክሞ ሊገኝ ይችላል። ሆኖም ፒ3000 ብቻውን ለዚህ ማስረጃ አይሆንም፤ የገለጿቸው ምልክቶችም ከደከመ ባትሪ ይልቅ ከሌላ፣ በጣም ከሚረክስ ዕቃ ጋር ይበልጥ ይስማማሉ። የእኔ ግምት በመኪናዎ ላይ ሁለት የማይገናኙ ችግሮች ተደራርበዋል የሚል ነው፤ ሁለቱንም በቅደም ተከተል መለየት ይቻላል።

ቀይ ሦስት ማዕዘኑ ራሱ የብልሽት ስም አይደለም። ውሻ ሲጮህ ሰው መምጣቱን እንጂ የመጣው ማን እንደሆነ አይናገርም፤ ይህም መብራት እንዲሁ ነው። ከዘይት ግፊት ማነስ፣ ከመሪ ብልሽት፣ ከኢንቨርተር (የባትሪውን ኤሌክትሪክ ለሞተሮቹ የሚያዘጋጀው ሣጥን) ሙቀት፣ ከ12 ቮልት ባትሪ፣ ከቤንዚን ማለቅና ከትልቁ ባትሪ ጭምር በኋላ እኩል ይበራል። ስለዚህ ሦስት ማዕዘኑ በበራ ቁጥር ዓይንዎን ወደ መካከለኛው ስክሪን ያዙሩ። በእርስዎ መኪና፣ ማለትም ከ2004 እስከ 2009 ሞዴል ባለው ሁለተኛው ትውልድ ፕሪየስ፣ ስክሪኑ ምክንያቱን በትንሽ ሥዕል ያሳያል፤ ቃለ አጋኖ ያለበት የመኪና ሥዕል የሃይብሪዱን ሥርዓት ያመለክታል፣ የዘይት፣ የባትሪና የመሪ ሥዕሎችም አሉት። ያንን ስክሪንና ዳሽቦርዱን ወዲያውኑ በስልክዎ ፎቶ አንሥተው ያስቀምጡ። ሰው ወደ ጋራዥ ሲደርስ ግማሹ መብራት ጠፍቶ ስለሚገኝ፣ ያ ፎቶ ለመካኒኩ ከረጅም ማብራሪያ በላይ ይጠቅመዋል።

መጀመሪያ ወደ ትንሹ ባትሪ እንሂድ። ፕሪየስ ሞተሪኖም ዲናሞም የለውም። የቤንዚን ሞተሩን የሚያስነሳው ከማርሹ ቤት ውስጥ ያለ የኤሌክትሪክ ሞተር ነው፤ ጉልበቱንም የሚያገኘው ከኋላ ወንበር በስተጀርባ ከተቀመጠው 201.6 ቮልት ባትሪ ነው። ይሁንና ይህ ትልቅ ባትሪ መኪናው ሲጠፋ በማብሪያ ሪሌዎቹ (በኤሌክትሪክ በሚከፈቱና በሚዘጉ ማገናኛዎች) ተለያይቶ ይቀመጣል፤ ሪሌዎቹን የሚዘጋውና ኮምፒውተሮቹን ሁሉ የሚያነቃው በኋላው የዕቃ መጫኛ ቀኝ ጎን ያለው ትንሹ 12 ቮልት ባትሪ ነው። ትንሹ ባትሪ ሲደክም መኪናው በአንድ ጊዜ ሙት ከመሆን ይልቅ ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ ይቃዣል። ቮልቴጁ በሚወርድበት ቅጽበት የፍሬኑ፣ የመሪውና የሃይብሪዱ ኮምፒውተሮች እርስ በርስ መነጋገር ያቅታቸውና እያንዳንዱ የየራሱን ኮድ ይመዘግባል። በዚህ ምክንያት ከጃምፐር ኬብል በኋላ በአንድነት የሚበሩ አራት ወይም አምስት መብራቶች አራት ወይም አምስት ብልሽት ናቸው ማለት አይደለም። የእርስዎ ኤቢኤስ መብራት በማግስቱ መጥፋቱም ከዚህ ጋር ይስማማል።

ይህንን ቤትዎ ሆነው፣ ምንም መሣሪያ ሳይገዙ ማየት ይችላሉ። እግርዎን ከፍሬኑ ላይ አንሥተው የማስነሻውን ቁልፍ ሁለት ጊዜ ይጫኑ፤ ሬዲ (ለመሄድ ዝግጁ) የሚለው መብራት ሳይበራ ዳሽቦርዱና ስክሪኑ ብቻ ይበራሉ። ከስክሪኑ አጠገብ ያለውን ኢንፎ ወይም ዲስፕሌይ የሚለውን ቁልፍ ተጭነው ይዘው ሳይለቁ የፓርኪንግ መብራቱን ሦስት ጊዜ ያብሩና ያጥፉ። የተደበቀ የመፈተሻ ገጽ ይከፈታል። ከዚያ ሜኑ፣ ቀጥሎ ዲስፕሌይ ቼክ፣ ቀጥሎ ቬሂክል ሲግናል ቼክ የሚሉትን ሲነኩ የ12 ቮልቱ ባትሪ ቮልቴጅ በቁጥር ይታያል። የፊት መብራቱንና የውስጥ ማራገቢያውን ከፍተው ጥቂት ይጠብቁ፤ ቁጥሩ ከ11.5 በታች በፍጥነት ከወረደ ባትሪው አቅም የለውም። በመቀጠል ፍሬን ይዘው መኪናውን ሬዲ ያድርጉት፤ ቁጥሩ ወደ 14 ገደማ ከወጣ ትንሹን ባትሪ የሚሞላው መለወጫ እየሠራ ነው። ሬዲ ሆኖም ቁጥሩ በ12 አካባቢ ከቀረ ግን ነገሩ ከባትሪ አልፎ ወደ መለወጫው ወይም ወደ ዋናው ፊውዝ ይሄዳል። እዚህ ላይ ጎረቤትዎን አንድ ነገር ይጠይቁልኝ፤ ገመዱን ሲያገናኝ ፖዘቲቭና ኔጌቲቩን አንድ አፍታ እንኳ አቀያይሮት ነበርን? በፕሪየስ ላይ ይህ ስሕተት ቢያንስ ፊውዝ ያቃጥላል፣ ሲከፋም ኢንቨርተሩን ይጎዳል፤ መካኒኩም ይህን አስቀድሞ ቢያውቅ ብዙ ሰዓት ይቆጥባል።

ባትሪው ደካማ ሆኖ ከተገኘ የሚገዙት ለፕሪየስ የተሠራውን ዓይነት ይሁን። ይህ ባትሪ የሚቀመጠው ሰው በሚተነፍስበት የመኪናው ክፍል ውስጥ በመሆኑ ጋዙ በቀጭን ቱቦ ወደ ውጭ ይወጣል፤ ከሱቅ የተገኘን ማንኛውንም 12 ቮልት ማስገባት ወይም ቱቦውን ሳይመልሱ መተው አደገኛ ነው። አሮጌውን ለጊዜው መሙላት ከፈለጉም ከ4 አምፔር በማይበልጥ ቻርጀር ቀስ ብለው ይሙሉት። ወደፊት ለሳምንታት ሲጓዙ ደግሞ ስማርት ቁልፍ ያለው ሞዴል ከሆነ ከመሪው ሥር ባለው ማጥፊያ ስማርት ቁልፉን ያጥፉ፤ መኪናው ቁልፍዎን ሲጠባበቅ የሚበላውን ኤሌክትሪክ ይቀንስልዎታል።

ትንሹ ባትሪ ግን ዳገት ላይ የጠፋውን ጉልበት አያብራራም። ሁለተኛው ጋራዥ የተናገረው ለመጀመሪያው ቀን መብራቶች ልክ ሊሆን ይችላል፤ በአውራ ጎዳና ላይ ለደረሰብዎት ግን አይበቃም። ለዚህ ነው ሁለት ችግር ተደራርቧል የምለው።

አሁን ወደ ፒ3000 እንምጣ፤ ብዙ ሰው ያለ አግባብ ገንዘቡን የሚያጣው እዚህ ላይ ስለሆነ ጊዜ ወስጄ ላስረዳ። ይህ መኪና አንድ ኮምፒውተር ብቻ ያለው አይደለም። የቤንዚን ሞተሩ፣ የሃይብሪዱ ሥርዓት፣ የትልቁ ባትሪና የፍሬኑ ኮምፒውተሮች እያንዳንዳቸው የየራሳቸው መዝገብ አላቸው። ርካሽ ስካነር ብዙውን ጊዜ የሞተሩን፣ አንዳንዴም የሃይብሪዱን መዝገብ አንብቦ ያቆማል። ፒ3000 የሚጻፈው በሃይብሪዱ ኮምፒውተር ነው፤ ስካነሩ ላይም «የባትሪ መቆጣጠሪያ ሥርዓት ብልሽት» የሚል ትርጉም ስለሚወጣ ያልለመደው መካኒክ ባትሪው ሞተ ብሎ ይደመድማል። ነገር ግን ቶዮታ ከእያንዳንዱ የሃይብሪድ ኮድ ሥር ሌላ ባለ ሦስት አኃዝ ቁጥር ያስቀምጣል፤ ኢንፎርሜሽን ኮድ ይባላል። ያ ንዑስ ቁጥር ሳይታይ ፒ3000 ማለት ያልተጨረሰ ዓረፍተ ነገር ነው።

ለምሳሌ ፒ3000 ከ123 ጋር ሲወጣ፣ የሃይብሪዱ ኮምፒውተር «የባትሪው ኮምፒውተር የራሱን ኮድ መዝግቧል፣ እሱን ጠይቁት» ማለቱ ነው። ያኔ የባትሪው መዝገብ ተከፍቶ ፒ0ኤ80 አለ ወይስ ከፒ3011 እስከ ፒ3024 ካሉት አንዱ አለ ተብሎ ይታያል። ከ388 ጋር ሲወጣ ደግሞ የመጀመሪያው ጥርጣሬ የሚያርፈው ቤንዚን ማለቅ ላይ ነው፤ ቤንዚን አልቆ ሰውየው በባትሪ ብቻ ወደ ማደያ ሊደርስ ሲሞክር ትልቁ ባትሪ ከልክ በላይ ወርዶ ኮምፒውተሩ ተጨማሪ ማውጣትን ሲከለክል የሚመዘገብ ነው። አንድ ዓይነት አራት አኃዝ፣ ሆኖም በአንዱ መንገድ ባትሪ ይመረመራል፣ በሌላው ቤንዚን ይቀዳል። ጋራዡ ይህን ቁጥር ካልነገረዎት ምርመራው አላለቀም።

የቪኤስሲው መብራትም በዚህ መልክ ይነበባል። የፍሬኑ ኮምፒውተር ሃይብሪዱ መታመሙን ሲሰማ ሲ1310 ወይም ሲ1259 ይመዘግብና የራሱን መብራት ያበራል፤ ትርጉሙ «ችግሩ እኔ ጋ አይደለም፣ ሃይብሪዱ ጋ ነው» የሚል ነው። እነዚህን ሁለት ኮዶች አይቶ የፍሬን ዕቃ ለመሸጥ የሚነሳ ሰው ካጋጠመዎት አይቀበሉት። በአንጻሩ ሲ1256 ወይም ሲ1391 ከወጣ፣ በተለይም ቀዩ የፍሬን መብራት በርቶ የማያቋርጥ ድምፅ ከተሰማ፣ የፍሬኑ ግፊት ማከማቻ እየከዳ ስለሆነ መኪናው አንድ ማይል እንኳ ሳይነዳ በቶው መወሰድ አለበት። እርስዎ ቀይ የፍሬን መብራት በራ አላሉም፤ ይህ ጥሩ ነው።

እንግዲህ በፍጥነት መንገድ፣ በዳገት፣ መኪናው ብዙ ጉልበት ሲጠየቅ የሚመጣና ሲያርፍ የሚጠፋ ችግር ምን ሊሆን ይችላል? እኔ በመጀመሪያ የምጠረጥረው የኢንቨርተሩን የማቀዝቀዣ ውኃ ፓምፕ ነው። ኢንቨርተር ከኮፈኑ ሥር ያለው ብርማ ሣጥን ሲሆን የባትሪውን ቮልቴጅ እስከ 500 ቮልት አሳድጎ ለኤሌክትሪክ ሞተሮቹ ያቀርባል። ከቤንዚን ሞተሩ የተለየ የራሱ ኩላንት (የማቀዝቀዣ ፈሳሽ)፣ የራሱ ማጠራቀሚያና የራሱ ትንሽ የኤሌክትሪክ ፓምፕ አለው። ፓምፑ ሲቆም በከተማ ቀስ ብሎ ለሚነዳ ሰው ለሳምንታት ምንም ላይታይ ይችላል። ዳገት ሲመጣ ግን ኢንቨርተሩ ይግላል፣ ኮምፒውተሩ ጉልበት ይቀንሳል፣ መብራቶቹ ይበራሉ፤ ግማሽ ሰዓት ሲያርፍ ቀዝቅዞ ምንም እንዳልሆነ ይሆናል። ይህ እርስዎ ከጻፉት ጋር ቃል በቃል የሚገጥም ነው። ኮዱ በአብዛኛው ፒ0ኤ93 ነው፤ የመጀመሪያው ጋራዥ ያጠፋው መዝገብ ውስጥ ይህ ይኑር አይኑር አሁን ማወቅ አይቻልም፤ ኮድ ከመጥፋቱ በፊት መጻፍ አለበት የምለውም በዚህ ምክንያት ነው።

ፓምፑን ለማየት መኪናው ቀዝቃዛ ሆኖ በሜዳ ላይ፣ የእጅ ፍሬኑ ተይዞና ማርሹ ፓርክ ላይ ሆኖ ሬዲ ያድርጉት። ኮፈኑን ከፍተው ከኢንቨርተሩ አጠገብ ያለችውን የኩላንት ማጠራቀሚያ ይፈልጉ፤ የቶዮታ ኩላንት ከሆነ ሮዝ ቀለም አለው። ክዳኑን ፈትተው በባትሪ መብራት ወደ ውስጥ ይመልከቱ። ፓምፑ የሚሠራ ከሆነ የውኃው ገጽ ይንቀሳቀሳል፣ ጎላ ብሎ ይሽከረከራል፤ ጆሮዎንም ወደ ሾፌሩ በኩል የፊት መብራት ጀርባ ቢያስጠጉ ለስላሳ ጩኸት ይሰማል። ውኃው እንደ ኩሬ ጸጥ ካለ ፓምፑ ቆሟል፣ ወይም ኤሌክትሪክ አልደረሰውም፣ ወይም አየር ይዞታል። ሬዲ የሆነ መኪና የቤንዚን ሞተሩ በማንኛውም ሰከንድ ሊነሳ ስለሚችል እጅዎ፣ የአንገት ልብስዎና የሹራብዎ እጅጌ ከቺንጋው ይራቁ፤ በጋለ ጊዜም ክዳን አይክፈቱ።

ይህ ፓምፕ በዚህ ትውልድ ላይ የታወቀ ደካማ ዕቃ ነው፤ ቶዮታም እ.ኤ.አ. በኅዳር ወር 2012 በአሜሪካ ይፋ ባደረገው፣ ከደህንነት ጥሪ በተለየ የአገልግሎት ዘመቻ ከዚህ ትውልድ ፕሪየሶች ብዙዎቹን ለዚሁ ፓምፕ ጠርቷል። የእርስዎ መኪና በዘመቻው ውስጥ እንደነበረና ተሠርቶለትም እንደሆነ ለማወቅ በፊት መስተዋቱ ሥር ያለውን ባለ 17 ፊደልና አኃዝ የሻንሲ ቁጥር ይዘው ለቶዮታ ሻጭ ደውለው ይጠይቁ። በዘመቻው ተቀይሮለት ከሆነም ያ የተቀየረው ፓምፕ ዛሬ ራሱ አርጅቷልና ከጥርጣሬ አይወጣም። አዲስ ፓምፕ ሲገባ ሥራው አየሩን በደንብ አስወጥቶ መጨረስ አለበት፤ አየር የቀረበት አዲስ ፓምፕ ልክ እንደ ሞተው ፓምፕ ያደርጋል፣ ባለቤቱም ሁለተኛ ዕቃ ይገዛል።

ፓምፑ ደህና ከሆነ፣ ወይም ተቀይሮ መብራቱ ከተመለሰ፣ ያኔ ትልቁ ባትሪ በተራው ይመረመራል፤ ሲመረመርም በግምት አይደለም። ባትሪው እያንዳንዳቸው 7.2 ቮልት የሆኑ 28 ሞጁሎች በተከታታይ የተያያዙበት ነው። ኮምፒውተሩ ሁለት ሁለቱን አንድ ብሎክ እያደረገ 14 ብሎኮችን ለየብቻ ይለካል። አንድ ብሎክ 12 ሴሎች አሉት፣ እያንዳንዱ ሴል 1.2 ቮልት ገደማ ነው። ምርመራው ይህን ያህል ግልጽ የሚሆነው በዚህ አሠራር ምክንያት ነው፤ 14ቱ ቁጥሮች በስክሪን ላይ እየታዩ መኪናው ጠንከር ብሎ ሲነዳ ጤነኛ ብሎኮች አብረው ወርደው አብረው ይወጣሉ፣ በመካከላቸው ያለውም ልዩነት የቮልት ጥቂት አሥረኛ ብቻ ነው። አንዱ ብሎክ ከጓደኞቹ አንድ ቮልት ወይም ከዚያ በላይ ተለይቶ ሲወድቅ፣ በውስጡ አንድ ሴል ሞቷል ማለት ነው። ይህን የቶዮታው የመመርመሪያ ፕሮግራም ቴክስትሪም ያሳያል፤ ዶክተር ፕሪየስ የሚባለው የስልክ መተግበሪያም ከሚስማማው የኦቢዲ (በመኪናው መመርመሪያ ሶኬት ላይ የሚሰካ) ማንበቢያ ጋር ያሳያል፤ ለእንደ እርስዎ በመኪናው ለሚተዳደር ሰው ማንበቢያውን መግዛት የሚቆጭ ወጪ አይመስለኝም።

ሲነዱ ቁጥር ማየት አደገኛ ስለሆነ አጠገብዎ ሰው ይቀመጥ። ቆሞም መፈተን ይቻላል፤ በሜዳ ላይ፣ ፊት ለፊት ማንም በሌለበት፣ ግራ እግርዎ ፍሬኑን አጥብቆ እንደያዘ ማርሹን ዲ ላይ አድርገው ነዳጅ መስጫውን ጥቂት ሰከንድ ሲጫኑ የቤንዚን ሞተሩ ተነስቶ ባትሪውን በኃይል ይሞላል፤ የደከመው ብሎክ በዚህ ጊዜ ከሌሎቹ በላይ ፈጥኖ ይወጣል፣ ሲለቁት ደግሞ ፈጥኖ ይወርዳል። ቤት በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ ግን በጭራሽ አይሞክሩት፣ ጭሱ ይገድላል። ሳልረሳ፣ በመኪና ማጠቢያም ሆነ በትራፊክ መጨናነቅ ማርሹን ኤን ላይ አድርገው ለረጅም ጊዜ አይቁሙ፤ በኤን ላይ ባትሪው አይሞላም።

ብሎክ መለየቱ ከታየም በኋላ ባትሪው ራሱ ሞቷል ከማለት በፊት ሁለት ነገር ይታያል። አንደኛው ማራገቢያው ነው። ትልቁ ባትሪ የሚቀዘቅዘው ከመኪናው ውስጥ በሚስበው አየር ሲሆን መግቢያው ከኋላ ወንበር በስተቀኝ ባለ ወንፊት ነው። የማድረስ ሥራ በሚሠራ መኪና ውስጥ በዚያ ወንፊት ላይ የዕቃ ከረጢት ተደግፎ ይውላል፤ በውስጥም አቧራና የምንጣፍ ብናኝ ፋኑን ይሸፍነዋል። ያልቀዘቀዘ ባትሪ በበጋ ይሞቃል፣ የሞቀ ባትሪ ደግሞ ቶሎ ያረጃል። ወንፊቱን ዛሬውኑ ይመልከቱ፤ በላዩ ላይ ምንም ዕቃ አይቀመጥ። ሁለተኛው ሞጁሎቹን የሚያገናኙት የመዳብ ማያያዣዎች ናቸው። ባትሪው ሲከፈት እነዚህ ማያያዣዎች አረንጓዴ ዝገት ለብሰው ብዙ ጊዜ ይገኛሉ፤ ዝገቱ ንኪኪውን ስለሚያጠብ ኮምፒውተሩ የሚያነበው ቮልቴጅ ይዛባል፣ ጤነኛ ብሎክም የደከመ መስሎ ይታያል። ጥሩ ባለሙያ አጽድቶ ወይም በኒኬል የተለበጠ ቀይሮ እንደገና ይለካል።

ይህን የምናገረው ለባለሙያ እንጂ ለእርስዎ እጅ አይደለም። 201.6 ቮልት ቀጥታ ኤሌክትሪክ ሰው ይገድላል። ብርቱካናማ ቀለም ያለውን ማንኛውንም ገመድ አይንኩ። ባለሙያውም ቢሆን ብርቱካናማውን ማለያያ ነቅሎ፣ በኢንቨርተሩ ውስጥ የተጠራቀመው ኤሌክትሪክ እስኪወርድ ጠብቆ፣ 1000 ቮልት የሚችል የጎማ ጓንት አድርጎ፣ በቴስተር ዜሮ መሆኑን አረጋግጦ ነው የሚገባው። አምራቹ ቢያንስ 5 ደቂቃ ጠብቁ ይላል፤ እኔ 10 እጠብቃለሁ። ባዶ እጁን ወደዚያ የሚገባ ሰው ያዩ እንደሆነ፣ የአገር ልጅም ቢሆን፣ መኪናዎን ይዘው ይውጡ፤ ለሕይወቱም ሲሉ ያድርጉት።

እግረ መንገዴን ሌላ አንድ ኮድ ልጥቀስ፤ ፒ0ኤኤ6። የከፍተኛው ቮልቴጅ ሽፋን አንድ ቦታ ሾልኮ ወደ መኪናው አካል እየደረሰ ነው ማለት ነው። ዝናብ ሲዘንብ ወይም ኤሲ ሲከፈት የሚመጣ ከሆነ እሱን ያስቡ። እዚህም ንዑስ ቁጥሩ ነው የሚናገረው፤ 611 ወደ ኤሲ መጭመቂያው፣ 612 ወደ ባትሪው፣ 613 ወደ ማርሹ ቤት ይመራል። ኤሲው የኤሌክትሪክ መጭመቂያ ስላለው የሚቀበለው ለእሱ የተለየውን ዘይት ብቻ ነው፤ የተለመደውን የኤሲ ዘይት የጨመረበት ሰው ይህን ብልሽት በእጁ ያመጣዋል። ኤሲዎ በቅርቡ ተሞልቶ ከሆነ ማን በምን እንደሞላው ይጠይቁ።

ምርመራው በእውነት ወደ ትልቁ ባትሪ ቢያደርስዎ፣ ማለትም ፒ0ኤ80 ተመዝግቦ፣ ብሎኩ በጭነት ሲወድቅ በዓይንዎ ታይቶ፣ ፋኑና ማያያዣዎቹ ጸድተው ውጤቱ ካልተለወጠ፣ ያኔ ሦስት መንገድ ይቀርብልዎታል። አንዱ የሞተውን ሞጁል ብቻ መቀየር ነው፤ ርካሽ ስለሆነ ያጓጓል፤ ለእርስዎ ግን አልመክረውም። 28ቱም ሞጁሎች በአንድ ዓመት የተሠሩ፣ አንድ ሙቀት የተጋሩ ናቸው፤ ዛሬ አንዱ ከሞተ ሌሎቹ ተራ ይጠብቃሉ፤ የተተካውም ከቀሩት ጋር አቅሙ እኩል ስለማይሆን ሚዛኑ ይዛባል። መኪናውን በሁለት ወር ውስጥ ሊሸጠው ለሚፈልግ ሰው ይሆናል፤ በየቀኑ አሥር ሰዓት በመኪናው ለሚሠራ ሰው ግን በየጊዜው የሥራ ቀን ያስቀራል። ሁለተኛው የታደሰ ሙሉ ባትሪ ነው፤ ጥራቱ እንደ አዳሹ በጣም ይለያያል። ሦስተኛው በአዲስ ሴል የተሠራ ሙሉ ባትሪ ነው፤ ከቶዮታም ከሌላ አምራችም ይገኛል። አቅምዎ ከፈቀደ፣ መኪናው ከዚህ ውጪ ደህና ከሆነና ቢያንስ ሁለት ዓመት ሊሠሩበት ካሰቡ የምመርጥልዎ ይህን ነው። ሞተሩ ዘይት የሚበላ፣ የፍሬኑ ግፊት የሚከዳ፣ አካሉም የዛገ ከሆነ ግን አዲስ ባትሪ አይግዙለት።

ለጊዜው መንዳትን በተመለከተ፣ የ12 ቮልቱ ተስተካክሎ የፓምፑ ውኃ ሲንቀሳቀስ ካዩ በከተማ ውስጥ ቀስ ብለው መሥራት ይችላሉ፤ ውኃው ካልተንቀሳቀሰ ግን ወደ ጋራዡ እስኪደርሱ ድረስ ካልሆነ በስተቀር አይንዱት፤ የጋለ ኢንቨርተር ከተቃጠለ ዋጋው የፓምፑን ብዙ እጥፍ ነው። መብራቱ ሲመለስ ኮዱን ማንም እንዲያጠፋው አይፍቀዱ።

ወደ ጋራዥ ሲሄዱም የሚጠይቁት ነገር ግልጽ ይሁን፦ ከሁሉም ኮምፒውተሮች የተነበበው ኮድ በሙሉ ከንዑስ ቁጥሮቹ ጋር በወረቀት ይታተምልኝ፤ ብልሽቱ በተመዘገበበት ቅጽበት የነበረው ፍጥነት፣ የኢንቨርተሩ ሙቀትና የባትሪው መጠን አብሮ ይታተምልኝ፤ የ14ቱ ብሎኮች ቮልቴጅ በቆመበትና በጭነት ይጻፍልኝ። ለዚህ የምርመራ ዋጋ መክፈል ተገቢ ነው፤ የአንድ ሰዓት ያህል የሠለጠነ ሰው ሥራ ነውና። ይህን ማድረግ አንችልም የሚል ጋራዥ ሌላውን መኪና ጥሩ አድርጎ ሊሠራ ይችላል፤ ሃይብሪድ ግን አይስጡት። ወረቀቱን ካገኙ በኋላ ቁጥሮቹን እንዳሉ ይላኩልኝ፤ ከመክፈልዎ በፊት አይቼ የሚመስለኝን እጽፍልዎታለሁ።